ለትልቅ ነው

ስሙኝማ፤ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። አብዮቱ ሲመጣ አገር ለቆ የሄደ ፈረንጅ ባልደረባዬ የዛገ የዓሣ ማታለያ ትቶልኝ ነበር፤ እንደ ማንኪያ ሆኖ ውኃ ውስጥ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለው ነገር። ሴቻ ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ መንጠቆውን ፈትቼ ብረቱን በአመድና በሎሚ ስወለውል፣ ከካምባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ አጠገቤ ቆሙና «ልጄ፣ እንዲህ የምትለፋው ለማን ነው?» አሉኝ። እኔ የማስበው የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ነው። ቀና እንኳ ሳልል «ለትልቅ ነው እማማ፤ ለትንሽ አይሆንም» አልኳቸው።

እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ዞር ብዬ ባያቸው፣ በረንዳው ላይ ትቼው የነበረውን ያንን ብረት በክር አስረው አንገታቸው ላይ አድርገውታል! ሊቀመንበሩ እየተናገረ፣ ምን አፌን እንደከፈተው እንጃ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የዓሣ ማታለያ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ክሩን ቀስ ብለው ከአንገታቸው አወጡና ብረቱን መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ገላቸው እንዳሞቀው ነው።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ለትልቅ ነው ስትለኝ፣ እኔን ያከበርከኝ መስሎኝ ነው።»