ጋሼ ባለቁልፉና ያልተከፈቱት ቅጂዎች

የሆስፒታሉ ደም ባንክ መዝገብ ክፍል ኃላፊና የእህታቸው ልጅ ያን ጠዋት የተገናኙት ደረጃ ላይ ነው። እሳቸው ሲወጡ እሷ ስትወርድ፣ ለመተላለፍ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ሸሹና ግንባር ለግንባር ሊላተሙ ለጥቂት ተረፉ። ሰውየው ወገባቸው ላይ የቁልፍ ዘለላ ስለማይጠፋ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሼ ባለቁልፉ» ይላቸዋል።

«አንቺ ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?»

«ደም ልሰጥ መጥቼ ነበር ጋሼ። መዝጋቢዋ ‹ማሽኑ አልከፈት ብሏል› ብላ መለሰችኝ። እርስዎ ግን ፊትዎ ምን ሆኗል?»

ፊታቸውማ አመድ መስሏል። ማዋለጃ ክፍል የተኛች አንዲት እናት ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት እሷም ልጇም አይተርፉም። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው አይበቃትም። ይህን ደም ያላቸው ለጋሾች ስምና ስልክ የሚገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ባለው መዝገብ፣ ዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ዳታቤዙ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ‹ፋይሉ ተበላሽቷል› ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። የእናትየው ባል የመዝገብ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ የገባውን የወጣውን ሁሉ ዐይን ዐይን ያያል።

የልጅቷ ሙያ ዳታቤዝ ማከም ነው። ከዚህ በፊት ስንቴ «ጋሼ፣ አንድ ቀን ልይልዎት» ብላ ለምናቸው «የራስሽን ሥራ ሥሪ» ብለዋታል። አሁን ግን እጇን ይዘው ሽቅብ ጎተቷት።

መዝጋቢዋ ጣቷን ‹ጠግን› የሚለው ቁልፍ ላይ አድርጋ ሳለ ነበር የደረሱት።

«እጅሽን አንሺ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። መዝጋቢዋ የተቃጠለች ያህል ዘላ ተነሣች።

«ምን አደረገችሽ? መጠገን አይደል የፈለግነው?» አሉ ጋሼ ቆጣ ብለው።

«ይሄ ቁልፍ ማንበብ ያቃተውን ገጽ ቆርጦ ይጥላል። የምንፈልገው ለጋሽ እዚያ ገጽ ላይ ቢሆንስ? መጀመሪያ የተበላሸውን እንዳለ እንገለብጠዋለን። ዋናውን ማንም አይነካውም። ለመሆኑ ማታ ማሽኑን እንዴት ነው የሚያጠፉት?»

«ከግድግዳው ነዋ! ማጥፊያውን አንዴ ቀጭ አደርግና ሁሉም ያርፋል። ማሽንም እኮ ዕረፍት ይፈልጋል።»

«ጋሼ! እየጻፈ ሳለ?»

«ሰዉ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ማን ይጽፋል?»

«እሱ ራሱ ይጽፋል። ቀን የመዘገባችሁትን ወደ ቦታ ቦታው የሚያስገባው ቀስ እያለ ነው። እርስዎ ከእጁ ሲነጥቁት አንዱ ገጽ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ትናንት የሆነው ይኸው ነው።»

እዚህ ላይ ሰውየውን ግዴለሽ ናቸው ብሎ የሚፈርድ ሰው ካለ ተሳስቷል። ጋሼ ባለቁልፉ ሁልጊዜ ወደ ማታ ሥራው ሳይቆም የዳታቤዙን ፋይል በተንቀሳቃሽ ዲስክ ይቀዳሉ፤ ዲስኩን ያሽጋሉ፤ ሣጥን ውስጥ ይቆልፋሉ። ክፋቱ፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ብለው አያዩትም።

«ግድ የለም፣ ቅጂ አለኝ!» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ሣጥኑን ለመክፈት ግን አሳራቸውን አዩ፤ ይህን ቁልፍ ሲሞክሩ እምቢ፣ ያንን ሲሞክሩ እምቢ። በመጨረሻ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቅጂ ተሞከረ፤ ተበላሽቷል። ቀጣዩም ያው። የሚቀጥለውም ያው።

ሽማግሌው ክው አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ስጠብቅ የኖርኩት ባዶ ነው በይኛ!»

«ከፍተው ሞክረዋቸው ያውቃሉ?»

«የታሸገ ነገር ለምን ይከፈታል?»

«ሰው እየጻፈበት የተቀዳ ፋይል መጀመሪያውና መጨረሻው አይገጥምም። ተከፍቶ ያልተሞከረ ቅጂ ደግሞ እንዳለ አይቆጠርም፣ ጋሼ።»

ባልየው ከበሩ ላይ ሰምቶ ኖሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ጋሼ እሱን ማየት አቃታቸው። አፈሩም፣ አዘኑም።

ልጅቷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «እስቲ ያስታውሱ፤ ዳታቤዙ በሥርዓት ተዘግቶ፣ ማንም ሳይሠራበት የቀዱት ቅጂ አለ?»

ጋሼ ግንባራቸውን ያዙ። «ቢሮው ቀለም የተቀባ ዕለት! የኮምፒውተር ባለሙያው ዳታቤዙን በሥርዓት ዘግቶት ሄዶ ነበር። ሁሉም ‹ዛሬ እንኳ ይቅርብዎ› እያሉ ሲስቁብኝ ልማዴን አልተውም ብዬ ገብቼ ቀድቻለሁ።»

«በሞቴ፣ ያንን ያምጡልኝ!»

ዲስኩ ላይ የቀለም ጠብታ ደርቆበት ነበር። ሌላ ማሽን ላይ ተሞከረ፤ ተከፈተ! መዝጋቢዋ እልል ልትል ብላ አፏን ያዘች።

«ይሄ እኮ የዛሬ ስንት ወር ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ለጋሾችስ?» አሉ ጋሼ።

«ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ ቦታው ከማስገባቱ በፊት ሎግ የሚባል ፋይል ላይ በተራ ያሰፍራል፤ እሱ ደህና ነው። በአሮጌው ቅጂ ላይ ለውጡን አንድ በአንድ ደግመን ስናስኬደው እስከ ትናንት ማታ እንደርሳለን።»

እንዳለችውም ደረሱ። ያኔ መዝጋቢዋ ‹ኦ ኔጌቲቭ› ብላ ፈለገች። ማሽኑ ላይ የመጠበቂያው ክብ መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ።

«ልማዱ ነው» አሉ ጋሼ። «አንድ ሰው ስትፈልጊ ሻይ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።»

«ሴትዮዋ ደሟ እየፈሰሰ እኛ ሻይ እንጠጣ?»

ልጅቷ ወገባቸው ላይ ያለውን የቁልፍ ዘለላ አየች።

«ሣጥኑን ሲከፍቱ ለምን ዘገዩ?»

«ቁልፎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ በተራ ልሞክር እንጂ ምን ላድርግ?»

«የሣጥኑን ቁልፍ ራስ ቀይ ቢቀቡትስ?»

«አንዴ አይቼ ብድግ ነዋ!»

«ማሽኑም እንደርስዎ ነው። ምልክት ስለሌለው ለጋሹን ሁሉ ከአንድ ጀምሮ ያገላብጣል። በደም ዓይነት ማውጫ እንሥራለት።»

«እንግዲያው ለስሙም፣ ለዕድሜውም፣ ለሁሉም ሥሪለት!»

ሳቀች። «ሁሉን ቁልፍ ቢቀቡ ቀዩን በምን ይለዩታል? ደግሞ አዲስ ለጋሽ በተመዘገበ ቁጥር እያንዳንዱ ማውጫ መታደስ አለበት፤ ከበዛ መመዝገቡ ራሱ ይጓተታል። ዕለት ዕለት ለምትፈልጉበት ብቻ ይበቃል።»

ማውጫው ተሠራ። መዝጋቢዋ ደግማ ፈለገች፤ ጣቷን ሳታነሳ የለጋሾቹ ስም ድርድር ብሎ ወጣ።

«እንዴ!» አሉ ጋሼ። «ዐይኔ ነው?»

ስልኩን ያነሱት ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋ አላነሳችም። ሁለተኛው ሾፌር ነበር፤ «መኪናዬን አዙሬያለሁ፣ መጣሁ» አለ። ሦስተኛዋ አስተማሪ ክፍሏን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወጣች። ባልየው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ እያለቀሰ ይስቃል። «እናትየውም ደህና፣ ልጅቱም ደህና! እኔንም መዝግቡኝ!» አለ። ጋሼ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

«ልጄ፣ ተሸንፌያለሁ» አሏት የእህታቸውን ልጅ። «ቆልፎ ማስቀመጥ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር።»

«ያን ቀን ልማድዎን ቢተዉ ኖሮ እኔም ምንም አላደርግም ነበር ጋሼ። ትጋቱን ይያዙት፤ አሠራሩን ብቻ እናቃናው።»

አቃኑትም። ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ከግድግዳው አይጠፋም፤ ቅጂው በዳታቤዙ በራሱ የመቅጃ መንገድ ይቀዳል፤ አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ጋሼ ራሳቸው ሌላ ማሽን ላይ ከፍተው ይሞክሩታል። ብልሽት ቢመጣ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ለጋሽ ፍለጋም ሻይ አያስጠጣም፤ የሚጠብቅ በሽተኛም በማሽን ምክንያት አይንገላታም። የሣጥኑ ቁልፍ ራስም ቀይ ሆኗል።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ አዲሱ ጥበቃ መብራት ሊቆጥብ ብሎ እጁን ወደ ግድግዳው ማጥፊያ ዘረጋ። ከኮሪደሩ ጫፍ የቁልፍ ዘለላ እየተንቃጨለ አንድ ድምፅ ሕንፃውን አናወጠው፦

«እጅህን አንሳ!»