መሪጌታ አድማሴ የሸሸጉት ሥር

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. የጥቅምት ማርያም ማግሥት ነው። መሪጌታ አድማሴ ከአምበር ቁልቁል ካለው ገደል ሲወጡ አንዲት ቅጠል የምትለቅም ወጣት መንገድ ላይ አገኙ። ሥር ሊምስ የወጣ መድኃኒተኛ ቤቱ እስኪመለስ ከሰው አይነጋገርም፤ ደንቡ ነው። እሳቸው ግን ያን ዕለት ምንም ሳይምሱ ነበር የተመለሱት። በዚያ ሁሉ ገደል ያገኙት ሁለት እግር ተክል ብቻ ነው፤ እነሱን ከነቀሉ የአገሬው የቁርጠት መድኃኒት በእሳቸው እጅ ሊያልቅ ነው። እንግዲህ ባዶ እጁን ለሚመለስ ሰው ዝምታው ምን ይረባዋል?

«እንደምን አደሩ አባቴ?» አለች ልጅቱ ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ? ቅጠሉንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

ልጅቱ ስሜነሽ ትባላለች፤ የይጁቤው የአቶ ደምለው ልጅ ናት። እርሻ ኮሌጅ ጨርሳ ደብረ ማርቆስ ታስተምራለች፤ ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪም አንዲቱን ክፍል የመድኃኒት ተክል ማራቢያ አድርጋታለች።

«እየጠፉ ያሉትን መድኃኒቶች በብልቃጥ አራባለሁ» አለቻቸው።

«በብልቃጥ? አረቄ አደረግሽው እንዴ ልጄ!»

«አይ አባቴ» ብላ ሳቀች። «ከተክሉ ጫፍ ጥፍር የምታህል እምቡጥ እቆርጥና ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ፣ እንደ ሙጫ በረጋ የተክል ምግብ ላይ አስቀምጣታለሁ። ከምግቡ ጋር ሆርሞን የሚባል ነገር እጅግ በጥቂቱ እጨምራለሁ። አንዱ ዓይነት ቀንበጥ ያበዛል፤ ሌላው ሥር ያሰድዳል። ከአንዲት እምቡጥ ብዙ ችግኝ ይወጣል።»

«እግዜር በገደል ያበቀለውን በፈረንጅ ዱቄት ብታስገድጂው ኃይሉ አብሮት ይኖራል?»

«ሆርሞኑ ባዕድ አይደለም፤ ተክሉም ራሱ በሰውነቱ ይሠራዋል። እኛ መጠኑን ነው የምናስተካክለው። የኃይሉን ነገር ደግሞ በቃሌ አይመኑኝ፤ ሲያድግ እርስዎ ቀምሰው፣ ሐኪም ቤትም መርምሮ ይፍረድ። እምቡጧን ብቻ ይስጡኝ፣ ሥሩን አልነካም።»

ነገሯ ለዛ ነበረው። መሪጌታ ግን ከአባታቸው የወረሱትን ሥር ለመንገደኛ ማሳየት አላስቻላቸውም፤ የሰው ልጅ ፊት ለፊት እምቢ ማለትም አሳፈራቸው። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? በቅጠሉ ቁርጥ እሱን የሚመስል፣ ሥሩ ካልተቀመሰ የማይለይ፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል እርባና ቢስ ነገር ነቅለው «በይ ይኸውልሽ» አሏት። አይ ሽማግሌ! እሷም ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ስሜነሽ ላከችባቸውና ደብረ ማርቆስ ወጡ። ከላቦራቶሪው በር ላይ በሳሙና አስታጠበቻቸው፤ እዚያ ቤት እድፍ ከገባ ብልቃጡ ሁሉ ይሻግታል። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች በለምለም ችግኝ ተሞልቷል፤ ነጫጭ ሥሮቹ በመስተዋቱ ይታያሉ። በደጅም መቶ የሚሆኑት አፈር ላይ ቆመዋል።

መሪጌታ አፋቸውን ያዙ። «ይህ ሁሉ ከዚያች ከአንዲት ቅጠል?»

«ከእምቡጧ! ዝናቡ ሲጠና ለአማኑኤልና ለይጁቤ ገበሬዎች አድላለሁ። የሰጡኝ እርስዎ መሆንዎንም ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። ቁርጠት የያዘው ሁሉ እሳቸውን አምኖ የአጥር ቅጠል ሊያኝክ ነው! ከሁለቱ እግር አንዱን ደግሞ በመጋቢት ለአንድ በሽተኛ ነቅለውታል፤ በገደሉ የቀረው አንድ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እንዳትሰጪ» አሉ። «አታልዬሻለሁ። ይህ እሱ አይደለም፤ የሚመስለው ነው።»

ስሜነሽ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። «ሰባት ወር፣ መሪጌታ! ሰባት ወር ሙሉ! ምን በደልኩዎት?» ስትል እንባዋ መጣ።

«ምንም። ምስጢሬን የምትወስጂብኝ መስሎኝ ነው።»

ዓይኗን ጠረገች። «መጠኑን፣ አቀማመሙን፣ ለማን እንደማይሰጥ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ያንን ብልቃጥ አይወስድብዎትም። ተክሉ ከጠፋ ግን እውቀቱን ምን ላይ ያውሉታል? ለልጆችዎ ባዶ ገደል ሊያወርሱ ነው?»

መሪጌታ ችግኙን ደጋግመው አዩ። ዋሽተው ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ መደርደሪያ እውነተኛው ተክል ነበረ፤ ይህ ነው የቆጫቸው። ሆርሞኑ እንደሚሠራ በገዛ ውሸታቸው ላይ አዩት።

በማግሥቱ ገደሉን አብረው ወረዱ። አርባ ዓመት ከነሥሩ ሲመዙት የኖሩትን ተክል መሪጌታ ተንበርክከው፣ ጫፉን ብቻ በምላጭ ቆርጠው ሰጧት። እግሩ እዚያው ቀረ።

በሁለተኛው ክረምት ችግኙ ለገበሬው ታደለ። ያደገውን ሥር መሪጌታ ቀምሰው «ያው ነው፣ ያው መራራው!» ብለው ጮኹ፤ ሐኪም ቤትም ለምርመራ ወሰደው። ዛሬ የይጁቤ እናት ልጇን ቁርጠት ሲይዘው ለመድኃኒት ፍለጋ ሁለት ቀን አትሄድም፤ ከጓሮዋ ሥሩን ቆርጣ መሪጌታን መጠኑን ትጠይቃለች። ከችግኙ የተተከለበት ገደልም መልሶ አረንጓዴ መልበስ ጀምሯል። ትምህርትና የአባቶች እውቀት ሲተጋገዙ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው።

አንድ ቀን የአማኑኤሉ መድኃኒተኛ አለቃ ምንይችል ሊጠይቋቸው መጥተው፣ «ዱሮ ይህ ገደል ሙሉ አልነበረም? ፍየሉ ይሆን እንዴ የጨረሰው?» አሉ።

«ተወኝ ምንይችል» አሉ መሪጌታ። «ፍየል ሥር አይምስም። የጨረስኩት እኔ ነኝ። አንተም ያለህን ሳትጨርስ ጫፉን ወስደህ ለስሜነሽ ስጣት፤ እውነተኛውን ታዲያ!»