የደረቀ ቆዳና የአርባ ቀን ሰበብ

ወይዘሮ ፋንትነሽ አውቶቡስ ሲጠብቁ ከሰው ላለመገናኘት ብለው ከመጠለያው ኋላ መቆም ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል። ያን ዕለት ጠዋት ግን በእስራኤል አገር፣ በሚኖሩበት በኔቬ ኦዝ ሠፈር ዝናቡ ስለ በረታ ወደ መጠለያው ገቡ። ገና ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ «እትዬ ፋንትነሽ! እንዴት አደሩ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞር ቢሉ የጎረቤታቸው የእንጉዳይ ልጅ ያርደን ናት። እንጉዳይና እርሳቸው ከጎንደር በአንድ አውሮፕላን መጥተው፣ አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት በመርከዝ ቅሊጣው ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው ሦስት ዓመት የኖሩ ናቸው። ያርደንን በጀርባቸው አዝለው አሳድገዋታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሁን ነርስ ሆና እዚያው ሠፈር በሚገኘው የሕክምና ጣቢያ ትሠራለች።

ልጅቱ ልትስማቸው ጎንበስ ስትል ወይዘሮ ፋንትነሽ ወደ ኋላ ሸሹ። የሱፍ ጓንት ያጠለቀ እጃቸውንም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች ያርደን።

«ምንም አላጠፋሽ። ጉንፋን ቢጤ ይዞኛል፤ እንዳላስይዝሽ ነው።»

«ታሊ ወለደች አሉ! እንኳን ማርያ—» ልትል ጀምራ ራሷ ሳቀች፤ ይህ ምርቃት በአገር ቤት የነበሩት የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እንጂ የቤተ እስራኤሎች አይደለም፤ ከአማርኛ ፊልም የለቀመችው መሆን አለበት። «እንኳን እግዚአብሔር ማራት ማለቴ ነው። ወንድ ነው አይደል? ማንን ይመስላል?»

ወይዘሮ ፋንትነሽ ጃንጥላቸውን ማጠፍ ያዙ። የልጅ ልጃቸውን የኤሊዮርን መልክ የሚያውቁት በስልክ ፎቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገር ቤት የቤተ እስራኤል ሴት ወንድ ስትወልድ አርባ ቀን፣ ሴት ስትወልድ ሰማንያ ቀን ከቤተሰቡ ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። እዚህ አገር ይህን የሚጠብቅ ብዙ የለም። ወይዘሮ ፋንትነሽም የበኩር ልጃቸውን እዚህ ሲወልዱ አልጠበቁትም። ኤሊዮር ሲወለድ ግን ድንገት ሕግ አጥባቂ ሆኑና «አርባ ቀን እስኪሞላ አልነካውም፤ ኦሪት ነው» አሉ። ልጃቸው ታሊ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አርባው ቀን ነገ ይሞላል። ነገ በአሥር ሰዓት ታሊ ልጇን ታቅፋ ከምትኖርበት ሠፈር ከኤም ሃሞሻቮት ትመጣለች። ሰበቡ ሊያልቅ አንድ ሌሊት ቀረው፤ የወይዘሮ ፋንትነሽም እንቅልፍ ካለቀ ሰነበተ።

«ወዴት ነው በዚህ ዝናብ?» አለች ያርደን።

«ራምላ። ቄሱ ዘንድ።» ቄስ ያሉት የቤተ እስራኤልን ካህን ነው።

«በሰላም?»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ወይዘሮ ፋንትነሽ ከሁሉ የፈሩት ይህንኑ ጥያቄ ነበር። ሴትዮዋ ለሃያ ስድስት ዓመት ጊቫት ሽሙኤል በሚባለው ከተማ የፎቅ ደረጃ ሲያጸዱ አንድ ቀንም ሰው ፊት አላለቀሱም። አሁን ግን እንባቸው ቀደማቸው።

«ልጄ፣ ለምጽ ወጥቶብኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማንም አልተናገርሁም። ቄሱ አይተው ይፍረዱ ብዬ ነው። ርኩስ ነሽ ካሉኝ ብቻዬን ልቀመጥ። ሕፃኑን ይዤ ከምበክለው ታሊ ብትቀየመኝ ይሻላል።»

ያርደን ሰዓቷን አየች። ሥራ ልትገባ ግማሽ ሰዓት ይቀራታል። «ሬጋ፣ ይቆዩ፤ ይቀመጡ እስቲ» አለች። «ያሳዩኝ።»

«አትንኪኝ!»

«እሺ፣ አልነካዎትም። ማየት አይከለከልም፤ ቄሱም ማየታቸው አይቀርም።»

ወይዘሮ ፋንትነሽ ግራ ቀኝ ተገላመጡ። ዝናቡ ከሁለቱ በቀር ሰው አላስቀረም። ካልሲያቸውን ወደ ታች ሳቡት። ቅልጥማቸው ከላይ እስከ ታች አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። ደቃቅ ቅርፊት ይረግፋል፣ ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ የታከከበት ቦታም ጠቁሮ ቀርቷል። ጓንታቸውን ሲያወልቁ ደግሞ የጣቶቻቸው መታጠፊያ ተሰንጥቆ ደም አዝሏል።

«አየሽው ነጩን?» አሉ። «ኦሪት ያለው ይህንኑ ነው፤ ቆዳው ነጭ ቢሆን ለምጽ ነው ይላል።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ብርዱ ሲገባ፤ ማሞቂያውን ሌት ተቀን መለኮስ ስንጀምር። አምናም ነበር፤ የዘንድሮው ባሰ።»

«ማሳከኩስ መቼ ይብስብዎታል?»

«ከታጠብሁ በኋላ! እሱ ነው የሚገርመኝ። ሌላው ሰው ታጥቦ ያርፋል፤ እኔ ታጥቤ ነው የምቃጠለው።»

«በምንድን ነው የሚታጠቡት?»

እዚህ ላይ ወይዘሮ ፋንትነሽ ቀና አሉ። በንጽሕናቸው የሚመጣባቸውን አይወዱም። «በአገራችን ጎረቤቶቻችን እኛን ውሃ ውሃ ይሸታሉ ይሉን ነበር፤ ስንታጠብ ስለምንውል። እኔ ዛሬም ያው ነኝ። ጠዋትና ማታ፣ ለመንካት በሚያስፈራ ሙቅ ውሃ፣ በሻካራ ማሻሻ እፈገፍገዋለሁ። ይህ ከወጣብኝ ወዲህ ደግሞ ይንጻ ብዬ ውሃው ላይ አንድ ክዳን አኮኖሚካ እጨምርበታለሁ።»

«በረኪና?» ያርደን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ወለል የምናጥብበትን?»

«ወለሉን ያነጻ የለም?»

«እትዬ ፋንትነሽ፣ ወለል ቆዳ የለውም እኮ!» አለች ቁጣም ሳቅም እየተናነቃት። ወዲያው ግን የሴትዮዋን ፊት ስታይ ሳቁ ጠፋ። «ይስሙኝ። ሰው ቆዳው ላይ የተፈጥሮ ቅባት አለው። ውሃ ከውስጥ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ሙቅ ውሃና ጠንካራ ሳሙና ቅባቱን ያጥበዋል፣ ማሻሻው ይፍቀዋል፣ በረኪናው ያቃጥለዋል፣ ማሞቂያው ደግሞ የቀረውን እርጥበት ይመጥጠዋል። ዕድሜ ሲጨምርም ቅባቱ በራሱ ይቀንሳል። ይህ የማየው ቆዳ ደርቋል፤ ያደረቁትም እርስዎ ነዎት።»

ልጅቱ እንዲህ በቀጥታ መናገሯ ነውር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያርደን አክብሮት ዝም ማለት ነው ብላ አታምንም፤ አንቱታዋን ሳታጓድል እቅጩን ትናገራለች። የተማረ ሰው ለሽማግሌ የሚከፍለው አክብሮት ይህ ቢሆን ብዙ ጉዳት በቀረ።

«ባለፈው ዓመት ሐኪም አይቶኛል» አሉ ወይዘሮ ፋንትነሽ። «መቅላት የለውም ብሎ አለፈው።»

«በኛ ቆዳ ላይማ መቅላቱ አይታይም! በነጭ ሰው ላይ ድርቀት ቀልቶ ይታያል። በጥቁር ቆዳ አመድማ ይሆናል፤ የተቆጣው ቦታም ይጠቁራል እንጂ አይቀላም። እኔም በትምህርት ቤት ያየሁት ፎቶ ሁሉ የነጭ ስለነበር ይህን ያወቅሁት ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። አሁን አንድ ነገር ልፈትሽ፤ ይፍቀዱልኝ።»

ከቦርሳዋ ሽታ የሌለው ቅባት አወጣችና ለወይዘሮ ፋንትነሽ ሰጠቻቸው። ራሳቸው ቅልጥማቸው ላይ ቀቡት። አመዱ ጠፋና የገዛ መልካቸው፣ የቆየው ጠይም መልካቸው ወጣ። ወይዘሮ ፋንትነሽ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ግን ሞኝ አይደሉም።

«ይህማ ምን ይደንቃል? ግድግዳም ሲረጥብ ይጠቁራል» አሉ።

«ልክ ነዎት» አለች ያርደን፤ ደስም አላት። «ስለዚህ በዚህ ብቻ አንፈርድም። ዛሬ ለምጽ የምንለው ነጭ ሆኖ ልስልስ ነው፣ አይረግፍም፣ ቅባት ቢቀቡትም መልኩ አይመለስም። እሱም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቁምጥናን ከፈሩ ደግሞ ቁምጥና ስሜት ይሰርቃል። እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

የወረቀት መሐረብ ጫፍ ጠቅልላ እንደ ክር አቀጠነችውና ቅልጥማቸውን ነካች።

«እዚህ» አሉ ወይዘሮ ፋንትነሽ። ደግሞ ነካች። «እዚህ። አሁን ደግሞ እዚህ። ኧረ አታኮርኩሪኝ!»

ከወር በኋላ ሰው ቆዳቸውን ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ትንሽ ቆዩ።

«ኦሪቱስ?» አሉ በመጨረሻ። ከሁሉ የጠነከረው ምሽጋቸው ይህ ነው። «አንቺ የነርስ መጽሐፍ አነበብሽ፤ እኔ ኦሪትን ከአባቴ ሰማሁ። ብቻውን ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ ይላል።»

«አባትዎ እስከ መጨረሻው አልነገሩዎትም ይሆን? ካህኑ ያያል፣ ሰባት ቀን ይጠብቃል፣ ያያል፣ ደግሞ ሰባት ቀን ጠብቆ ያያል። ካልሰፋ ቋቁቻ ነው፣ ሰውየው ንጹሕ ነው ይላል። እርስዎ ግን ካህንም ሳያይዎት፣ ሰባት ቀንም ሳይጠብቁ፣ በራስዎ ላይ ፈርደው ከሰፈር ወጡ። ኦሪት በራስህ ላይ ፍረድ አላለም።»

ወይዘሮ ፋንትነሽ ካልሲያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። የራምላው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ በሩን ከፈተ። ሹፌሩ አያቸው። ልባቸው ሁለት ሆነ፤ አንድ እግራቸውን ወደ በሩ አነሡ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይህን ተረት ከእርስዎ ነው የሰማሁት» አለች ያርደን። «እኔ ነርስ ነኝ፤ የመጨረሻውን ቃል ሐኪም ትናገር። ጣቢያው እዚህ ማዶ ነው። ሐኪሟ አይታዎት ካላረፉ፣ በእናቴ እምላለሁ፣ ራምላ ድረስ እኔው እወስድዎታለሁ። በሰደር? እሺ?»

አውቶቡሱ በሩን ዘጋና ሄደ።

ሐኪሟ ቅልጥሙን በማጉያ መስታወት አየች፣ እጁንም አገላብጣ መረመረች። እግሩ ድርቀት ነው፤ እጁ ላይ ግን ድርቀቱ በበረኪናው ተቆጥቶ ቁስለት ጀምሮታል አለች። ለእጁ ጥቂት ቀን ብቻ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘች፤ ማሳከክ ከስኳርና ከእንቅርት እጢ ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል ደም ይታይ አለች። ወይዘሮ ፋንትነሽ ያርደንን እያስተረጎሙ ሦስት ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜም «አይተላለፍም» ተባሉ። አራተኛው ጥያቄያቸው «አራስ ሕፃን ባቅፍስ?» የሚል ነበር። ሐኪሟ «ዛሬውኑ» ብላ መለሰች።

ያርደን በር ላይ ስትሸኛቸው ደግማ ደጋግማ ነገረቻቸው። «ገላዎን በቀን አንዴ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ከአሥር ደቂቃ ሳያልፍ። ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ እሱም ለብብትና ለእግር እንጂ ለመላ አካል አይደለም። ማሻሻውን ይጣሉት። በፎጣ ጠብጠብ እንጂ ፈግፈግ የለም። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ወይም ወፍራም ቅባት ይቀቡ፤ እርጥበቱን የሚቆልፈው ያ ነው። ሥራ ላይ ከላስቲኩ ጓንት በታች የጥጥ ጓንት ያጥልቁ። ስንጥቁ መግል ከቋጠረ፣ ከጋለ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት ተመልሰው ይምጡ፤ እንዳይደብቁኝ።»

«እኛ እኮ አገር ቤት ገላችንን ቅቤ እንቀባ ነበር» አሉ ወይዘሮ ፋንትነሽ። «እዚህ ስንመጣ አንዲት የመርከዙ ሠራተኛ አፍንጫዋን ያዘችብኝ። ከዚያ ወዲያ ቅባት የሚባል ነገር ገላዬን አልነካውም።»

«እናቶቻችን አልተሳሳቱም» አለች ያርደን። «መቀባቱን አንተው፤ የምንቀባውን እንለውጥ።»

በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ ታሊ በሩን አንኳኳች። ኤሊዮር ደረቷ ላይ ተኝቷል። እናቷ በሩን ሲከፍቱ አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆመች።

«አርባ ሞላ፣ እማ» አለች። ፊቷ ተቆጥቷል። «ልግባ? ወይስ አሁንም ርኩስ ነኝ?»

ለካ ልጃቸው ይህን ሁሉ ቀን እርሷን የተጸየፉ መስሏታል! ራሳቸውን ከሰው ሲለዩ፣ ልጃቸውን ከራሳቸው እንደለዩ አላወቁም ነበር።

«አንቺ አይደለሽም» አሉ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ርኩስ የመሰልሁ።» ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉላት። «ለምጽ መስሎኝ ፈራሁ። ልጁን እንዳልበክለው ፈራሁ። ላንቺ መንገር አፈርሁና በኦሪት አሳበብሁ። ትናንት ሐኪም አየችኝ፤ የደረቀ ቆዳ ነው ታሊዬ። የደረቀ ቆዳ ብቻ።»

ታሊ የእናቷን ጣቶች አየች፤ ስንጥቁን፣ የደረቀውን ደም። «አርባ ቀን!» አለች። «እኔ አርባ ቀን አለቀስሁ እኮ፣ እማ! በደረቀ ቆዳ?» ተቆጣች፣ ቀጥላም አለቀሰች፤ ወይዘሮ ፋንትነሽም አለቀሱ። ሕፃኑ ብቻ ተኛ።

ከገቡ በኋላ ታሊ ልጇን ስትፈታታ ወይዘሮ ፋንትነሽ ዓይናቸው የሕፃኑ ቅልጥም ላይ ቀረ። ደቃቅ አመድ ይታይበታል። «በምን ታጥቢዋለሽ?» አሉ።

ታሊ ደነገጠች። «በሚሸተው የሕፃን አረፋ፣ ማታ ማታ። ለምን? እኔም አይቼው ፈርቼ ነበር። ለማን ልንገር? አንቺ አልነበርሽም።»

ይህች የመጨረሻ ቃል ወይዘሮ ፋንትነሽን ከበረኪናው ይበልጥ አቃጠለቻቸው። ግን አልሸሹም። ውሃው ለብ ይበል፣ አረፋው ይቅር፣ ሽታ የሌለው የሕፃን ቅባት ገላው ሳይደርቅ ይቀባ፣ የሚሆነውንም ያርደንን እንጠይቃት እያሉ ነገሯት። ትናንት አላምን ያሉት ዛሬ አስተማሪ ሆኑ። የእውቀት ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ቆዳን ከማዳን አልፎ በፍርሃት የተለያየውን ቤት ይገጥማል። ድርቀትን ያወቀ ሰው ያለ ምክንያት አይሸማቀቅም፣ ገላውን በበረኪና አይቀጣም፣ የሚያስፈራው ሲመጣ ደግሞ ሐኪም ዘንድ በጊዜ ይደርሳል።

ታሊ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅባት ከፈተች። የእናቷን እጅ ሳብ አድርጋ ጣት በጣት፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ቀባችው። ወይዘሮ ፋንትነሽ እንደ ልጅ ጣቶቻቸውን ዘርግተው ተቀቡ።

«ያላ፣ በይ» አለች ታሊ፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። «አሁን ያዢው።»

ወይዘሮ ፋንትነሽ የልጅ ልጃቸውን ተቀበሉና እጃቸው እንዳያዳልጣቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።