የጾም ሮክ

— ሄሎ? … አቤት … ኪዱ? … አዎ፣ ያደታ ነኝ … ምን? ድንኳኑን? … ዛሬውኑ? … ውይ! ውይ ልጄን! ማን ነው? … ማን ሞተባችሁ? እናትህ ትላንት እንኳ ሰላም ብላኝ ነው ያለፈችው … እ? … ደህና ናት? … አባትህስ? … ታዲያ የሞተው ማን ነው? … ማንም? … ማንም ካልሞተ ድንኳኑን ምን ልታደርግበት ነው፣ አንተ ልጅ? አስደነገጥከኝ እኮ! ለእድር ንብረት ያዥ ደውሎ «ድንኳኑ ባስቸኳይ» የሚል ሰው መጀመሪያ «ሁላችንም ደህና ነን» ይላል። … አዎ። ሰላምታ የሚባል ነገር አለ።

— (ወደ ጎን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይቅርታ ጋሽ ገብረጻድቃን። የእድር ጉዳይ ነው። … የለም፣ አዲስ ሐዘን አይደለም፣ ተመስገን። ይብሉ እርስዎ፣ ይብሉ።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … በቀስታ የማወራው ለቅሶ ቤት ሆኜ ነው። ኢተፋ ጋ። … ጎሚስታው ኢተፋ ነዋ፣ ካዛንቺስ ስንት ኢተፋ አለ? እናቱ ናቸው ያረፉት፤ ዛሬ ሠልስታቸው ነው። … አንተ የምትጠይቀኝ ድንኳን አሁን አናቴ ላይ ነው ያለው። ሰማንያ ሰው ከሥሩ ተቀምጧል። … እንዴት ብዬ ነው የምልክልህ? ሰዎቹን «ተነሱ፣ ሮክ ሊቀዳ ነው» ልበላቸው?

— … እሺ፣ አትቆጣ። በቅደም ተከተል ንገረኝ። የእድሩን እቃ ቤት ከፈትክ … እሺ … ማይኩን ተከልክ … ሊዲያ መዝፈን ጀመረች … እና? … ያስተጋባል? … እንደ ሻወር ቤት? … ታዲያ ባዶ ክፍል ምን እንዲል ፈለግህ? የአልበማችሁን ስምንት ዘፈን ስትቀዱ እኮ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእድሩ ድንኳን ነበር። «ድምፅ የሚውጥልን እሱ ነው» ያልከኝ አንተው ነህ። አሁን ሸራው ወጣ፣ አግዳሚው ወጣ፤ የቀረው ቆርቆሮና ባልዲ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ድምፅ አይውጥም። ይተፋል።

— ብርድ ልብስ ተዋሱ፣ ግድግዳው ላይ ስቀሉት … ዞራችኋል? … ቤት ለቤት? … ምን አሏችሁ? … (ሳቁን በሳል ይሸፍናል) እህ … እህ … ልክ ናቸው። ፍራሹም ብርድ ልብሱም እዚሁ ነው፤ ከገጠር የመጡት ዘመዶች ተኝተውበታል። በሰፈሩ ለስላሳ የሆነ ነገር ሁሉ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነው፣ ኪዱ።

— ስቱዲዮስ? … ስታዲየም ጋ ያለው? … ሌላ ድምፅ ይሆናል? … እሱስ እውነትህን ነው። ስምንቱ እዚህ ተቀድተው ዘጠነኛው እዚያ ቢቀዳ፣ በጥሩ ሱሪ ላይ የሌላ ሱሪ ኪስ መስፋት ነው።

— ድንኳኑ ነገ ይገባልሃል! የቀን ሠራተኞቹ ነገ ረፋድ ላይ ይነቅሉታል … ነገ ምን ሆነ? … ሊዲያ? … ወዴት? … አርባ ምንጭ? … ተመደበች? በነርስነቱ? እልልል— (ወደ ጎን) ይቅርታ! ይቅርታ እናቴ፣ አምልጦኝ ነው። ምንም አይደል፣ ምንም አይደል። … (ወደ ስልኩ) ለቅሶ ቤት እልል አስባልከኝ፣ አንተ! … እንኳን ደስ ያለሽ በላት። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው? … ሊነጋ ሲል። … ስለዚህ ዛሬ ካልተቀዳ የለም ማለት ነው። … እስከ ዓመት አትመለስም። … ታዲያ በስምንቱ ይውጣ፣ ስምንት ዘፈን ምን አነሰው? … አሃ። የአልበሙ ስም የዚህ ዘፈን ስም ነው። … እሷው ራሷ የጻፈችው። … ገባኝ። ገባኝ አልኩህ። አታልቅስብኝ፣ እዚህ የሚያለቅስ ሰው ሞልቷል።

— ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሳትቆጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጃዋር ያንን ከበሮ ሲደበድብ የቤቴ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይራመድ ነበር። በቃ፣ ሮክ ማለት ይሄ ነው ብዬ ለምጄው ነበር። አሁን ደግሞ ከበሮ የለም፣ ያ የሚያለቃቅሰው የኤሌክትሪክ ጊታር የለም፤ አንድ የእንጨት ጊታርና አንዲት ልጅ። ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ። የጾም ሮክ! … ምን? … ሐሳቡ ነው? … እ፣ «ሁሉን ገፈን ዘፈኑን ብቻ ማስቀረት»። እሺ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ሐሳብ ላይ አልከራከርም። የማውቀው ግን መብራት በሳምንት አራት ቀን መጥፋት ሲጀምር ነው ሐሳቡ የመጣላችሁ። … ይኸው ሳቅህ። … ኧረ አልጠላሁትም፣ ማን ጠላው አለህ? ያቺን ታክሲ ስለሚጠብቀው ሰውዬ የምትሏትን ዘፈን በሩ ላይ ቆሜ ነው ሰምቼ የጨረስኳት፣ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ። … ለምን እንደቆምኩ እኔ ምን አውቃለሁ። ልቆልፍ ነበር የመጣሁት።

— (ወደ ጎን) አቤት ጋሽ ገብረጻድቃን? … ማለቴ … አዎ፣ የእኛው እቃ ቤት ነው። … ቁልፉን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። … ኮሚቴ አልጠየቅኩም፣ አዎ። … ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፣ ያውም በቀን። … ምንም አላጠፉም፤ እንዲያውም ጣራው የሚያፈስበትን ደፍነውልናል። … እሺ። … እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

— ሰማህ? … እንዴት አልሰማህም! ይኸው በናንተ የተነሳ በእድሩ ሰብሳቢ በጋሽ ገብረጻድቃን ፊት እኔም ተገፈፍኩ።

— የለም፣ አሁን እኔን ስማኝ። እኔን የሚያበግነኝ ቁልፉ አይደለም። ከትላንት በስቲያ ድንኳኑን ልናወጣ ስንመጣ የት ነበራችሁ? … እዚያው ውስጥ። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ እንቅዳ» ነበር ያልከኝ፣ ሬሳ እቤት ተቀምጦ! … አዎ ወጣችሁ፣ ጨዋ ልጆች ናችሁ፤ ወጥታችሁ ግድግዳውን ተደግፋችሁ አያችሁን። እኔ በዚህ ወገቤ፣ ጋሽ ገብረጻድቃን በሰባ ዓመታቸው፣ በዚያ ካፊያ ምሰሶ ተሸክመን ስንሄድ … ምን? … ጊታሩ እርጥበት አይወድም? ወገቤስ ይወዳል ማን አለህ? … እሺ፣ እሱም ይሁን። ከዚያ ወዲህስ? ሦስት ቀን ሙሉ አንዳችሁ እዚህ ብቅ አላላችሁም። መብራት ሲጠፋ የመቅጃችሁን ባትሪ በጄኔሬተሩ የሚሞላላችሁ ማን ነው? … ማን? ጮክ በል … ኢተፋ። አዎ፣ ኢተፋ። እንግዲህ እሱ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ አይጠይቅም። ዝም ብሎ በሩን ነው የሚያየው።

— … ምን? … ለመምጣት አፈራችሁ? … አውቃለሁ። … አውቃለሁ፣ ክፉ ልጆች አይደላችሁም። ማፈሩም ጥሩ ነው፤ ግን እቃ ቤት ተቀምጦ አይታፈርም።

— በል፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው? … አምስት ተኩል። ምሳው ተበልቶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ይበተናል። ድንኳኑ እስከ ነገ የሚቆመው ነቃይ ስለሌለ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ነቃይ ከተገኘ ዘጠኝ ላይ ይወርዳል፣ አሥር ላይ እቃ ቤት ይገባል፣ ሰቅላችሁ ስትጨርሱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። … ስንት ወንድ ናችሁ? … ሦስት። ጃዋርን ቆጥረህ? … እሱማ ዋናው ነው! ከበሮውን ከቀማችሁት ወዲህ ክንዱ ሥራ ፈቷል፣ ካስማ ይንቀልበት። … በዚህ አልበም ግን ልጁ ምንድን ነው ሥራው? … ያጨበጭባል? … አንዱ ዘፈን ላይ ብቻ? … ወይ ምስኪን።

— … ድንኳኑ ምን ይሸታል? … ሽንኩርት? … ማይክ ያሸታል እንዴ? … እንግዲያው ተወው።

— ቆይ፣ አሁንማ ከተነቃብኝ ወዲያ ብቻዬን «እሺ» ልልህ አልችልም። ሰውየውን ልጠይቅ። አትዝጋ፣ ባትሪዬም ሊያልቅ ነው።

— (ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ) ጋሽ ገብረጻድቃን … ልጆቹ ድንኳኑን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኛው እንንቀለው፣ ተሸክመን እናስገባው እያሉ ነው። … አዎ፣ እነሱው። … አዎ፣ ጠጉራቸውን ያሳደጉት። … ለዘፈን ብለው ነው፣ አልዋሽዎትም። ልጅቷ ነገ ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ አንድ ዘፈን ነው የቀራቸው። … የለም፣ ከበሮ የለውም። … ጩኸትም የለውም፣ እኔ ሰምቼዋለሁ። … እ? … እሺ። እንዳሉት አድርጌ እነግረዋለሁ።

— ሄሎ፣ ኪዱ? … ጠየቅኩልህ። … አልከለከሉም። … ቆይ፣ አትጩህ፣ ስማኝ! ዘጠኝ ሰዓት አይደለም የምትመጡት። … አሁን። ሊዲያም፣ ሁላችሁም። … ምን ልትሠሩ? ልትቀመጡ ነዋ። … እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሳቸው ናቸው። … ቃል በቃል? … «ለቅሶ ሳይደርስ ድንኳን የሚነቅል ሌባ ብቻ ነው» ነው ያሉት።