እርጥብ ሳር ይዘው የተቀበሉኝ አከራይ

ቤታቸውን ለቅቄ ጫኖ መንደር ከገባሁ ወዲህ፣ ያስያዝኩትን የኪራይ መያዣ ገንዘብ ለመቀበል እሳቸው ወዳሉበት ሲቀላ ሰፈር ስመላለስ የባጃጅ ሾፌሮቹ እንኳ «ዛሬስ ሰጡህ?» ማለት ጀምረዋል። አከራዬ ጋሽ ማርቆስ አንዴ «ግድግዳዬን በምስማር በሳኸው» ይላሉ፣ አንዴ «የበሩን ቁልፍ አላልተኸዋል» ይላሉ። ባለፈው ግን ሳልቀበል አልመለስም ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ማርቆስ ከበር ሲያዩኝ ጎንበስ ብለው ከግቢው እርጥብ ሳር ነጩና ፊቴ ተንበረከኩ! «ልጄ፣ ስለ ሳሩ ብለህ አንድ ወር ታገሰኝ።»

እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚሄድ የለም። ሊጋደል የወጣ ሰው እንኳ ከዚያ ይመለሳል። እሳቸው ግን የእኔን መያዣ ለማዘግየት አዋሉት፤ ያውም ሳሩን የተከልኩት እኔ ነኝ። ልቆጣ አሰብኩ፣ አቅም አጣሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔም እፍኝ ሳር ነጭቼ ፊት ለፊታቸው ተንበረከክሁ።

«ጋሼ፣ እኔም ስለ ሳሩ ብያለሁ፣ ዛሬውኑ ይስጡኝ።»

«ኧረ ተነስ ልጄ፣ ነውር ነው!»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

እሳቸውም አልተነሱ፣ እኔም አልተነሳሁ። ጉልበቴ መንደድ ሲጀምር እኔ በለቀቅኩት ክፍል የገባችው አዲሷ ተከራይ ጀሪካን ይዛ ወጣች። እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ የተነጨውን ግቢ አየች።

«ጋሼ፣» አለች ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ «ሳሩ ሳያልቅ እኔም መያዣዬን ተቀብዬ ብወጣ ሳይሻለኝ አይቀርም።»