የቤቴ ደረጃ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ግንበኛና ላፕቶፕ ያቀፈች ወጣት ያወራሉ።

«ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አርክቴክት ነኝ፣ አባባ። የሶፍትዌር።»

«ድንጋይ ሳትነኪ? እስቲ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ድንጋይ የለውም። ሐኪም ቤቶች የሚሠሩበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምነድፈው።»

«ታዲያ ከቤት ጋር ምን አገናኘው?»

«ሁለቱም ላይ መጀመሪያ የሚወሰን ነገር አለ። ቀለሙ ኋላም ይቀየራል። ኋላ ልቀይረው ቢሉ ሁሉንም የሚያስፈርሰውን ነው አርክቴክቸር የምንለው።»



«እንግዲያው እኔም አርክቴክት ነበርኩ። ያውም የማይረባ።»

«ምነው፣ አባባ?»

«ቤቴን በድንጋይ ፎቅ አድርጌ ሠራሁት፤ ከብቶቹ ታች፣ እኛ ላይ። በረቱ እንዲሰፋ ብዬ የውጪውን ደረጃ አጠበብኩት። ባለቤቴ ‹ትንሽ አስፋው› ብላኝ ነበር። ‹ደግሞ አንቺም ግንበኛ ሆንሽ?› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«አሁን እግሯ ከዳት። በቃሬዛ እንዳናወርዳት ደረጃው አያሳልፍም፤ አዝዬ እንዳላወርዳት የኔም ጉልበት አለቀ። ከፋሲካ ወዲህ መሬት አልረገጠችም።»

«አፍርሰው ቢያሰፉትስ?»

«ከግድግዳው ጋር አያይዤ ነው የገነባሁት። እሱን ስነካ ቤቱም አብሮ ይናዳል።»

«ባለቤትዎስ ምን ይላሉ?»

«ጠዋት ጠዋት ‹ከብቶቹ ተመቻቸው ወይ?› ትለኛለች።»

እኔ በቤቴ እናቴ በየቀኑ የምትወጣበት ደረጃ ወርዱ ስንት ስንዝር እንደሆነ ለማስታወስ ስሞክር መውረጃዬን አለፍኩ።