የብስክሌቴ ከራማ
ተራራ በሌለበት ካርቱም የተራራ ብስክሌት አማረኝ። ፍሬሙን ከሱቅ ዐረቢ፣ ማርሹን ከሐጅ ዩሱፍ ገበያ፣ ሌላውን ካገኘሁበት እየለቀምኩ ጀሪፍ ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ገጣጠምኩት። ልነዳው ስወጣ አከራዬ ሐጃ ዘይነብ በር ላይ ቆሙብኝ። «ላ፣ አይሆንም! ለአዲስ ነገር ከራማ፣ የምስጋና ድግስ፣ ተደርጎ ጎረቤት ሳይበላ አትነዳም» አሉ። ዓይናቸው አውራ ዶሯቸው ላይ ነው። ጨነቀኝ። ሁዳዴ ነው፤ ጾም ባይሆንም የእስላም እርድ አልበላም። እንዳይቀየሙኝ ይህን ሳልነግራቸው ብስክሌቱን ወደ ግቢ መለስኩት።

አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ትሪው ሲከፈት፣ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ብቻ ነው።

«ዶሮውስ፣ ሐጃ?» አልኳቸው።

«ወለዲ፣ መጾምህን የማላውቅ መሰለህ? ባለቤቱ የማይቀምሰው ከራማ፣ ምኑን ከራማ ሆነ? ያላ፣ ብላ።»

ያ ዶሮ ዛሬም በየጠዋቱ ኮርቻዬ ላይ ወጥቶ ይጮሃል። አላባርረውም።